ከውርጭ እስከ ፍጹም ዜሮ

ከደባርቅ በላይ ባለው የሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ውርጭ ገብሱን የመታበት ገበሬ ብርድ ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም። በሱፐርኮንዳክተር የሚሠራው የኳንተም ኮምፒዩተር የሚሻው ብርድ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው፤ ይኸውም ከፍጹም ዜሮ፣ ማለት ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነው ወሰን፣ በአንድ መቶኛ ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል።

የነገሩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1911 ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ፣ ሜርኩሪ እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን የመቋቋም ባሕርዩን ፈጽሞ እንደሚያጣ ማግኘቱ ነው። በ1985 ክላርክ፣ ደቮሬና ማርቲኒስ የኳንተም ሕግ በኤሌክትሪክ ዑደት ላይ እንደሚታይ አረጋገጡ፤ በ2025ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። በ1999 ናካሙራና ባልደረቦቹ በጃፓን የመጀመሪያውን የሱፐርኮንዳክተር ኪዩቢት ሠሩ። በ2023 የአይ.ቢ.ኤም ኮንዶር 1,121 ኪዩቢት ደረሰ።

ሆኖም የቁጥር ብዛት ብቻውን ድል አይደለም፤ ኪዩቢት በጥቂት ሙቀትና ጨረር ይሳሳታልና። በ2024 የጉግል ዊሎ በ105 ኪዩቢት ብቻ፣ የስሕተት ማረሚያው ሲሰፋ ስሕተቱ እንደሚቀንስ አሳየ።

በ2019 አይ.ቢ.ኤም ከደቡብ አፍሪካው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲስማማ፣ በአፍሪካ የድርጅቱን ምርምር ይመራ የነበረው ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ሰሎሞን አሰፋ ነበር። ስምምነቱም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አባል ለሆነበት የአፍሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት በር ከፋች ሆነ።

ማቀዝቀዣውን መግዛት ለድኻ አገር ከባድ ነው። ስሕተትን ማረም ግን በእርሳስና በወረቀት የሚጀመር የሒሳብ ሥራ ስለሆነ፣ ጎንደር ለተቀመጠ መሐንዲስም የተዘጋ መንገድ አይደለም።