ዘር ከልጓም ይስባል? የሴሲል ቤተሰብና ኢትዮጵያ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። በእንግሊዝ ታሪክ ይህን አባባል ለመፈተን ከሴሲል ቤተሰብ የተሻለ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቤተ መንግሥቱን ደጅ ያልለቀቀ ቤት ነው። የኢትዮጵያም ጉዳይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በእጁ አልፏል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱን ያቆመው በ1520 የተወለደው ዊሊያም ሴሲል ነው። ቀዳማዊት ኤልዛቤት በ1558 ስትነግሥ ወዲያው ሾመችው፤ በ1598 እስኪሞት ድረስ ለ40 ዓመት ዋና አማካሪዋ ነበር። ከሁለት ሚስቶቹ የተወለዱት ሁለት ወንዶች ልጆቹ ግንዱን ለሁለት ከፈሉት። ታላቁ ቶማስ የኤክሰተር፣ ታናሹ ሮበርት የሳልዝበሪ ኧርል ተባሉ፤ ማዕረጉን ያገኙት በ1605፣ በአንድ ቀን ነው። የአባቱን የሥልጣን ወንበር የወረሰው ግን ታናሹ ነበር። ኤልዛቤት ስትሞት ዘውዱ ያለ ደም ለስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ እንዲተላለፍ ያመቻቸው እሱ ነው። ሃትፊልድ የተባለውን ታላቅ ቤትም ሠራ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ለረጅም ጊዜ ደብዘዝ ብሎ ቆየ። መልሶ ያነሣው ሦስተኛው የሳልዝበሪ ማርኪስ ነው። ከ1885 እስከ 1902 ባለው ጊዜ ሦስት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ካቢኔውን በዘመድ ስለሞላ ተቺዎቹ «ሆቴል ሴሲል» እያሉ ቀለዱበት። ሥልጣን ሲለቅም የተተካው በእህቱ ልጅ በአርተር ባልፎር ነው።

ጣልያን በ1896 ዓድዋ ላይ ድል ስትሆን ለንደን ላይ መንግሥት የያዘው ይኸው ሳልዝበሪ ነበር። ዜናው በተሰማ በቀናት ውስጥ የግብፅ ጦር ወደ ዶንጎላ እንዲዘምት ተወሰነ፤ አንዱ ምክንያት ከሰላ ላይ የተጨነቀችውን ጣልያን ማገዝ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ያው መንግሥት ሬኔል ሮድን ወደ አዲስ አበባ ልኮ በሜይ 1897 ከአፄ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ። ሳልዝበሪ የሚያየው የአገሩን ጥቅም ነበር፤ ዓድዋ ሒሳቡን ቀየረችበት።

ልጁ ሮበርት ሴሲል ሌላ መንገድ ያዘ። የመንግሥታቱን ማኅበር መተዳደሪያ ካረቀቁት አንዱ ነው። በእሱ መሪነት በተካሄደውና ውጤቱ በጁን 1935 በተነገረው የሰላም ድምፅ ከ11 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን ተሳተፉ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ወራሪን በኢኮኖሚ ማዕቀብ ማስቆም ይገባል አሉ። በኦክቶበር ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ። ማዕቀቡ ተጣለ፤ ነገር ግን ነዳጅን አላካተተም።

የሮበርት የወንድም ልጅ ሎርድ ክራንቦርን ደግሞ በ1938 የውጭ ጉዳይ ምክትል ነበር። ቻምበርሌን ከሙሶሊኒ ጋር ለመስማማት ሲቸኩል፣ እሱ ከአለቃው ከአንተኒ ኢደን ጋር ሥልጣኑን ለቀቀ። እንግሊዝ ግን በዚያው ዓመት የጣልያንን ወረራ በይፋ አወቀች።

እንግዲህ አያቱ ጥቅም አሰላ፣ ልጁ ለሕግ ተሟገተ፣ የልጅ ልጁ ወንበሩን ጥሎ ወጣ። ዘር ሥልጣንን ያወርስ ይሆናል፤ አቋምን ግን አላወረሰም። «እንግሊዝ እንዲህ አደረገችን» ሲባልም ይህን ማስታወስ ደግ ነው፦ አንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሦስት እንግሊዞች ነበሩ። ኢትዮጵያን በእርግጥ የጠቀማት የማንኛቸውም በጎ ፈቃድ ሳይሆን፣ አያቱን ሒሳቡን ያስቀየረው የዓድዋ ድል ነበር።