ወፍጮዋ የወለደችው ቃል

ጎዳና ላይ የተወለደ ቃል የልደት ካርድ አያወጣም። መቼ ተወለደ፣ ከማን ተወለደ ብትሉ መልስ የሚሰጣችሁ የለም። አንዳንዱ ግን በእውነትም ካርድ አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ‹‹ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ›› የሚባለውን የካርድ ጨዋታ የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ ፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። እንደ ኮንከር በአንድ ካርታ ዙሪያ ተሰብስበው የሚጫወቱት አይደለም፤ ተጫዋቹ ካርዱን እየገዛና እየተለዋወጠ የራሱን ክምር ያዘጋጃል። ካርዱ ሁሉ ስምና ሥራ አለው።

በ1994 ከወጡት አንዷ ‹‹ሚልስቶን›› ትባላለች፤ በእኛ አፍ የወፍጮ ድንጋይ። ሥራዋ ከባላጋራ ክምር ላይ ሁለት ሁለት ካርድ እያነሱ ጨዋታው ‹‹መቃብር›› ወደሚለው መጣያ መላክ ነው። ክምሩ አልቆበት ካርድ መሳብ ያቃተው ይሸነፋል። ተጫዋቾቹ ታዲያ ይህን ሁሉ ከመዘብዘብ ‹‹ሚል›› ብለው ገላገሉት፤ ‹‹ፈጨሁህ!›› እንደማለት። ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ካርዶች ሲመጡም ቃሉ አልተለወጠም። ኩባንያው ግን ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ካርዱ ላይ ማተሙን ቀጠለ። በመጨረሻ በ2020 እጅ ሰጠና ‹‹ሚል››ን በይፋ ደንቡ ውስጥ አስገባው። 26 ዓመት መሆኑ ነው!

ሌላም አለ። ባላጋራን አንድ ነጥብ እየወጋ የሚያስቸግር አስማተኛ ያለበትን ካርድ ተጫዋቾቹ ‹‹ቲም›› አሉት። ካርዱ ላይ እንዲህ የሚል ስም የለም። በ1975 የወጣው የሞንቲ ፓይተን አስቂኝ ፊልም ውስጥ ቲም የሚባል እሳት ወርዋሪ አስማተኛ ስላለ ነው። አንድ ሳቅ ከሲኒማ ተነሥቶ ካርድ ላይ ተቀመጠ።

እኛስ ብንሆን? የማንንም ፋብሪካ የታሸገ ውኃ ‹‹ሃይላንድ››፣ የማንንም የዱቄት ሳሙና ‹‹ኦሞ›› ስንል ማንን አስፈቀድን? ፋብሪካ ዕቃውን ይሠራል፤ ቃሉን የሚሠራው ተጠቃሚው ነው።

በአስተማሪነቴ ዘመን በተማሪ ድርሰት ውስጥ የአራዳ ቃል ባየሁ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ ኖሬአለሁ። ‹‹ልጄ፣ ይቺን ከየት አመጣሃት?›› ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ስንት የልደት ካርድ ቀድጄ ይሆን!