«ፀሐይ»፤ በአገራችን የተሠራችው የመጀመሪያዪቱ አይሮፕላን

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ሰው አንድን ዕቃ ገዝቶ ሲገለገልበትና ያንኑ ዕቃ በገዛ እጁ ሠርቶ ሲገለገልበት ጥቅሙ አንድ ቢመስልም ዕውቀቱ አንድ አይደለም። የገዛው ሰው ዕቃው በተሰበረ ጊዜ ሻጩን ይጠራል፤ የሠራው ግን መዶሻውን ያነሣል። ዛሬ የምናወሳው ታሪክ ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። ታሪኩም በአገራችን ምድር ተሠርታ በአገራችን ሰማይ ስለ በረረችው ስለ መጀመሪያዪቱ አይሮፕላን፣ ስለ «ፀሐይ» ነው።

አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ይኸውም ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን፣ አንድሬ ማዬ የተባለ አብራሪ ከጅቡቲ አንሥቶ አመጣው። ጥቂት ቀናት ቈይቶም ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አይሮፕላን ተከተለ። አዲሱ መሣሪያ ለትርኢት ብቻ እንዳልመጣ ለመታወቅ ዓመት እንኳ አልፈጀም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም በተደረገው ጦርነት፣ በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ በመጀመሪያ የአዋጅ ወረቀት፣ ኋላም ቦምብ ከሰማይ ወረደበት። በ1923 ዓ.ም. መባቻም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ትምህርታቸውን ተከታትለው ያለ አስተማሪ ብቻቸውን ለመብረር በቁ።

እንግዲህ አገሪቱ አይሮፕላን አገኘች፤ አብራሪም አገኘች። የቀረው ነገር አንድ ነበር፤ እርሱም መሥራት ነው። መግዛት በገንዘብ ይሆናል፤ መብረርም በትምህርት ይገኛል፤ መሥራት ግን ገንዘብንም፣ ትምህርትንም፣ ትዕግሥትንም ይጠይቃል።

ይህን ሥራ የመራው የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም አብረውት ደከሙ። በዚያ ዘመን ትንሽ አይሮፕላን ስትሠራ፣ አስቀድሞ አጥንቷ ይዋቀራል፤ ከዚያም ክንፏና ጅራቷ ይበጃሉ፤ በመጨረሻ ሞተሯ ይገጠማል። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ክብደቷ ጥቂት ወደ ኋላ ቢያደላ፣ ወይም አንደኛው ክንፍ ከሌላው ጥቂት ቢጣመም፣ መሬት ላይ ያላመለጠው ስሕተት ሰማይ ላይ የሰው ሕይወት ይጠይቃል። ስለዚህ አይሮፕላን የሚሠራ ሰው እንደ አናጢ ይለካል፤ እንደ ወርቅ ሠሪም ይመዝናል። የአይሮፕላኒቱ ሞተር ዋልተር ከተባለው የቼኮስሎቫኪያ ፋብሪካ የመጣ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ሞተሩ ከውጭ መምጣቱ ግን የሥራውን ክብር አይቀንሰውም። በብዙ አገሮችም ቢሆን የአይሮፕላን ሥራ የተጀመረው በሌላ አገር ሞተር ነውና። ስሟም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመ።

ዘመኑን ልብ በሉ። የፋሽስት ጦር ድንበር የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 26 ቀን የጠላት አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። «ፀሐይ» ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት የተነሣችውም በዚያው ሰሞን ነበር። አንድ አገር በብዙ መቶ አይሮፕላን ሲወረር፣ የተወረረው አገር በእጁ የሠራትን አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሲያስነሣ ማየት የሚያሳዝንም የሚያኮራም ነገር ነው። «ፀሐይ» በጠቅላላው ሠላሳ ሰዓት ያህል እንደ በረረች ይነገራል። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ አይሮፕላኒቱም ተማርካ ወደ ጣሊያን አገር ተወሰደች። የሥራው ቦታ ተዘጋ፤ ሠሪዎቹ ተበተኑ፤ ሁለተኛዪቱም ሳትሠራ ቀረች።

ሰማዩን ለጠላት መተው ምን ማለት እንደሆነ ከጎጃም ሰው የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በአምስቱ የመከራ ዓመታት የጎጃም አርበኛ በምድር ላይ ሲበረታ፣ መንደሩና አዝመራው ከላይ ይቃጠልበት ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ አይሮፕላን የእንግሊዙን መኰንን ዊንጌትን ይዛ በሰከላ ምድር አረፈች። ያመጣችውም ቀደም ብሎ ከገባው ከኮሎኔል ሳንፎርድ ጋር ሊመካከር ነው። በየካቲት ወር መጨረሻ ገደማም የጣሊያን ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በቡሬ በኩል አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ይህ ድል የተገኘው በአብዛኛው በእግረኛ፣ በበቅሎና በግመል እንጂ በአየር ኃይል አልነበረም። ድሉ ታላቅ ነው፤ ዋጋው ግን እጅግ የከበደው ከላይ የሚከላከል ክንፍ ስላልነበረ ጭምር ነው።

ወደ «ፀሐይ» እንመለስ። በሮም አቅራቢያ፣ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በተባለው ስፍራ በሚገኘው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዘመን ስትታይ ኖረች። ከብዙ ልመናና ንግግር በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ለኢትዮጵያ አስረከባት። ከበረረችበት ዓመት አንሥቶ ሲቈጠር ሰማንያ ስምንት ዓመት ማለት ነው።

አካሏ ተመልሷል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። «ፀሐይ» በተነሣች ቍጥር የቬበር ስም ይጠራል፤ መጠራቱም ተገቢ ነው። አብረውት የለኩ፣ የቈረጡና የገጠሙ ኢትዮጵያውያን ግን «ባለሙያዎች» በሚል አንድ ቃል ይታለፋሉ። ዕቃ ቢማረክ በክርክር ይመለሳል፤ ያልተጻፈ ስም ግን በማን ክርክር ይመለሳል?

ይህንንም በሌላ አገር ምሳሌ እናስተያየው። «ፀሐይ» በበረረች በሁለተኛው ዓመት ገደማ፣ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማች ተማሪዎች፣ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ክንፍ ያላት ሰው አልባ የአይሮፕላን ምሳሌ በእጃቸው ሠሩ። አንደኛው የሬዲዮን ሥራ ያውቅ ነበርና፣ መልእክት የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ በሆዷ ውስጥ አኖሩ። መሬት ላይ ቆመው በሬዲዮ ሞገድ ጅራቷን እያዘዙ አበረሯት። ይህች መጫወቻ መሰል ሥራ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጣለች፤ የሠሪዎቿም ስም ከእርስዋ ጋር ተጽፏል። የሁለት ተማሪዎች ሥራ እንዲህ ሲከበር ያየ ሌላ ተማሪ፣ እኔስ ብሞክር ማለቱ አይቀርም።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ከአገዳ መጫወቻ የሚሠራ ሕፃን እናውቃለን። የአገዳው መጫወቻ ክብደቱን አስተካክሎ እንዲቆም ያደረገ ልጅ የአይሮፕላንን የመጀመሪያ ትምህርት ጀምሯል ማለት ነው። የቀረውን ሒሳብ፣ ኤሌክትሪክና ሬዲዮ የሚጨምርለት ትምህርት ቤት ነው። ቢወድቅበትም አይጐዳም፤ በምሳሌዋ አይሮፕላን ውስጥ ሰው የለምና፣ ውድቀቷ ራሱ አስተማሪ ነው።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤት የምንገኝ ሁላችን ከ«ፀሐይ» ታሪክ ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛው፣ በእጁ የሚሞክረውን ወጣት «ይህ መጫወቻ ነው» ብለን አለመመለስ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራ በተሠራ ጊዜ የአለቃውን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውንም ስም በመዝገብ ማስፈር ነው። አንድ መስመር ለመጻፍ የሚፈጀው ቀለም ጥቂት ነው፤ ሳይጻፍ የቀረውን ለመፈለግ ግን ሰማንያ ስምንት ዓመትም አይበቃም።