ባለ ሃያ አንድ አኃዙ ቊጥር

ከመካከላችሁ በየመሥሪያ ቤቱ በመዝገብ ላይ ስትደምሩና ስትቀንሱ የምትውሉ ብዙዎች ናችሁና፣ የዛሬው ነገራችን እንግዳ አይሆንባችሁም ብለን እናምናለን። ነገሩ የአንድ ቊጥር ታሪክ ነው፤ ቊጥሩም 147,573,952,589,676,412,927 ነው። የሚገኘው ስድሳ ሰባት ሁለቶችን እርስ በርሳቸው አባዝቶ ከውጤቱ ላይ አንድ በመቀነስ ነው።

ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1644 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ቊጥር ከብቸኛ ቊጥሮች ጋራ ቈጠረው። ብቸኛ ቊጥር የሚባለው እንደ 7 ወይም እንደ 13፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ ቊጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው ነው። መርሴን ከዘመኑ ሊቃውንት ከብዙዎቹ ጋራ የሚጻጻፍ ሰው ነበርና ቃሉ ታመነ። ደግሞስ አካፋዮቹን አንድ በአንድ በእጁ ልፈልግ ለሚል ሰው ዕድሜው መች ይበቃው ነበር?

በ1876 ዓ.ም. ኤድዋር ሉካስ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ቊጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አስረዳ። የሚያስደንቀው ግን አካፋዮቹን ሳያገኝ ማስረዳቱ ነው። የተቈለፈ ሣጥን ነቅንቆ በውስጡ ዕቃ መኖሩን እንደሚረዳ ሰው፣ መኖሩን ዐወቀ እንጂ ዕቃው ምን እንደ ሆነ አላየም። አለቃችሁ «በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስሕተት አለ» ብሎ ገጹን ሳያመለክታችሁ ቢሄድ፣ የሚቀራችሁ ሥራ ምን ያህል እንደ ሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሣጥኑን የከፈተው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። በ1903 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተደረገው የአሜሪካ የሒሳብ ሊቃውንት ማኅበር ጉባኤ ላይ ተነሥቶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ጥቊር ሰሌዳው ሄደ ይባላል። በአንድ ወገን የሁለትን ብዜት እስከ ስድሳ ሰባተኛው አድርሶ አንድ ቀነሰ። በሌላው ወገን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ኮልም ዝም ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ጉባኤውም አጨበጨበ። ይህን የጻፈልን ኤሪክ ቴምፕል ቤል ነው፤ ቤል ታሪክ ማሳመር የሚወድ ጸሓፊ ነበርና ዝምታውን ጥቂት አክሎበት ይሆናል። ብዜቱ ግን አይዋሽም። ኮል አካፋዮቹን ለማግኘት የሦስት ዓመት እሑዶች እንደ ፈጁበት የነገረንም ይኸው ቤል ነው።

ብትወዱ እርሳስ አንሡ። የሁለቱን አካፋዮችና የታላቁን ቊጥር አኃዞች ብትደምሩ 37፣ 64 እና 109 ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዱም ለ9 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ 1 በ1 ቢባዛም ያው 1 ነው። ይህ ጥንታዊ መፈተኛ ስሕተትን ያጋልጣል እንጂ እውነትን አያረጋግጥም። ሙሉውን ማረጋገጥ የሚሻ ማባዛት አለበት፤ እርሱም ቢበዛ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ማባዛቱ እንዲህ ሲቀል፣ መልሶ መበተኑ ሦስት ዓመት!

ዛሬ ኮምፒዩተር ይህን ቊጥር ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይበትነዋል። ነገር ግን ሁለት እጅግ ታላላቅ ብቸኛ ቊጥሮች ተባዝተው ብዙ መቶ አኃዞች ያሉት ቊጥር ሲወጣ፣ ኮምፒዩተሩም እንደ መርሴን ዘመን ሰው ይቸገራል። በ1977 ዓ.ም. ሪቬስት፣ ሻሚርና ኤድልማን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ይህንኑ ችግር ለምስጢር መልእክት መቈለፊያ አደረጉት። ለመቈለፍ የብዜቱ ውጤት ይበቃል፤ ለመክፈት ግን ሁለቱን አካፋዮች ማወቅ ያሻል፤ እነርሱንም የሚያውቃቸው ያባዛቸው ሰው ብቻ ነው።