ባለ ወናፉ ካሜራ በጎንደር ምድር

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በኪስ በሚያዝ መሣሪያ አይደለም። በበቅሎ ተጭኖ በሚጓዝ፣ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ በሚሰቀል፣ አንሺው ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ በሚመለከትበት ትልቅ ካሜራ ነው። አካሉ ከእንጨት፣ ጀርባው ከመስተዋት ሲሆን፣ መካከሉ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ቆዳ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለውን ካሜራ ሲሠራ ያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ አሮጌውን ገዝቶና ጠግኖ እንደገና ሥራ ላይ የሚያውለው ባለሙያ ደግሞ ከጥቂቶቹም ጥቂቱ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ የዕቃ ሰብሳቢዎች መዝናኛ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የጎንደር ግንቦችና የሰሜኑ ደጋ ከመቶ ዓመት በፊት ምን ይመስሉ እንደ ነበር ዛሬ መመርመር የሚቻለው በአብዛኛው በዚህ መሣሪያ በተነሡ ምስሎች ነው። መሣሪያውን የማያውቅ ሰው ምስሉንም በትክክል ሊያነብ አይችልም። ስለዚህ የካሜራውን ታሪክ ከጥገናው ጋር አያይዞ ማየት ለሙያው ይበጃል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ምስሎች

ሄንሪ አሮን ስተርን የተባለው የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ በ1859 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ዋና ዓላማው በጎንደር ዙሪያ ለሚኖሩት ቤተ እስራኤል መስበክ ነበር። ከጓዙ ጋር ግን የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ ነበር። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳስረዱት፣ በኢትዮጵያ ምድር እንደ ተነሡ ከሚታወቁት ፎቶግራፎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ የስተርን ናቸው። ሆኖም በ1862 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ምስሎቹ የወጡት በቀራጭ እጅ ተገልብጠው ነው። ፎቶግራፍን ከፊደል ጋር በአንድ ገጽ ላይ የማተም ዘዴ በዚያ ዘመን ገና አልተስፋፋም ነበርና የጎንደር አካባቢ ሰው በአውሮፓ አንባቢ ፊት የቀረበው በሁለት እጅ አልፎ ነው፤ መጀመሪያ በብርሃን፣ ቀጥሎም በቀራጩ መሣሪያ።

ያው መጽሐፍ ለጸሐፊው መከራ አመጣበት። ስተርን ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ትውልድ የጻፈው ቃል ንጉሠ ነገሥቱን ስላስቆጣ በ1863 ታሰረ፤ የተፈታውም የእንግሊዝ ጦር መቅደላ በደረሰበት በ1868 ነው። ያ ጦር ደግሞ በበኩሉ ካሜራ ይዞ መጥቷል። በሳጅን ጆን ሃሮልድ የሚመሩ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች የመንገዱን፣ የሰፈሩንና የአምባውን ምስል ከማንሣታቸውም ሌላ ካርታዎችንና ንድፎችን በፎቶግራፍ እያባዙ ለጦር መኮንኖች ያቀርቡ ነበር።

የዚያን ጊዜው አሠራር ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበር የሙያው ሰዎች ሊገምቱት ይችላሉ። አንሺው መስተዋቱን በኮሎዲየን ቀብቶ በብር ናይትሬት ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ያስገባዋል፤ ሳይደርቅም አውጥቶ ያጥበዋል። በመሆኑም ጨለማ ክፍሉ እንደ ድንኳን ሆኖ ካሜራውን እየተከተለ ይጓዝ ነበር። በደጋው ነፋስና ደረቅ አየር ውስጥ ይህን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ መፈጸም ትዕግሥትንም ጥድፊያንም በአንድነት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። በቋራ ተወልደው በ1855 በስሜን በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ መልካቸው ለትውልድ የተላለፈው በሥዕል እንጂ በፎቶግራፍ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው በ1868 ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በዋይት ደሴት በስመ ጥሩዋ ፎቶግራፍ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ትልቅ ካሜራ ፊት ተቀመጠ። አባቱ በአገሩ ያላገኘውን ምስል ልጁ በስደት አገኘው። መሣሪያው በማን እጅ እንደ ነበረ መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከመስተዋት ወደ ፊልም

በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ደርቆ የሚሸጠው ሰሌዳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲስፋፋ ተጓዡ ጨለማ ድንኳኑን ከመሸከም ዐረፈ። በ1879 ወደ አገሪቱ የመጣው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥትና ዘመን በካሜራው መዝግቧል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውንም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ወርሰው ቀጠሉ። ትልቁ ኔጋቲቭ ለፎቶ ቤት የተመቸበት አንዱ ምክንያት በእጅ ሊታረም መቻሉ ነው፤ ባለሙያው በቀጭን እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ እየነካ የፊትን ጥላ ያቀልል ነበር።

በ1906 አክሱም የደረሰው በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የጥናት ቡድን ደግሞ የካሜራውን ሌላ ጠባይ አሳየ። አርክቴክቱ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የመጣው ሕንፃዎችን በፎቶግራፍ መለካት ሥራው ካደረገው የበርሊን ተቋም ነበር። ምስሉ በትልቅ መስተዋት ላይ ያለ መዛባት ከተነሣ፣ ሕንፃውን ከምስሉ ላይ መለካት ይቻላል ማለት ነው። ቡድኑ ወድቆና ተሰባብሮ የነበረውን ትልቅ ሐውልት በቦታው ሳለ መዝግቦ በ1913 አሳተመ። ሐውልቱ በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 ሲመለስ፣ በ2008ም ዳግመኛ ሲተከል፣ ከመወሰዱ በፊት የነበረበትን ሁኔታ የሚያሳይ መዝገብ ለተመራማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም መናገር አያስፈልግም።

የጎንደር ግንቦችና የካሜራው ምስክርነት

ጎንደርም የራሷ ጉዳይ አላት። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ጉዞ ከተማይቱ ውስጥ ለወራት ሰፍሮ በሺ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችን ካነሡት ጉዞዎች አንዱ ነበር። የዚያው ጉዞ አባላት የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥተው በምትካቸው ግልባጭ ትተው ሄዱ፤ ሥዕሎቹም እስከ ዛሬ ፓሪስ ውስጥ ናቸው። ዕቃው ተወስዶ ምስሉም አብሮ ሲወሰድ፣ ለባለ አገሩ የሚቀረው የባዶ ግድግዳ ትዝታ ብቻ ይሆናል።

ግንቦቹም ከ1936 እስከ 1941 ድረስ ብዙ አይተዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተደረገው እድሳት በሲሚንቶና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ነበር። በ1941 ጎንደር ነፃ ስትወጣ የተደረገው የአየር ድብደባ ቀድሞ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳውን የኢያሱን ግንብ ይበልጥ አፈረሰው። በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ጥገና ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተካ፤ በ1979ም ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። እንግዲህ ማንኛውም ጠጋኝ መሐንዲስ፣ ‹‹ከሲሚንቶው በፊት እዚህ ቦታ ምን ነበር?›› ብሎ ሲጠይቅ፣ ከ1936 በፊት የተነሣ ጥሩ ኔጋቲቭ ከብዙ ቃል ይልቅ ይመልስለታል። በትልቅ መስተዋት ላይ የድንጋዩ አደራደርና የኖራው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያልና።

ምስሉን ማንበብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የድሮው ሰሌዳ የሚሰማው ሰማያዊውን ብርሃን እንጂ ቀዩን አልነበረም። በመሆኑም የደጋው ሰማይ ባዶ ነጭ፣ ቀይ አፈር ጥቁር፣ የሰውም ፊት ከተፈጥሮው የጠቆረ ሆኖ ወጥቷል። ይህን የማያውቅ ተመልካች የኬሚካሉን ጉድለት የአገሩና የሰው መልክ አድርጎ ሊቀበለው ይችላል።

አሮጌውን ካሜራ መግዛትና መጠገን

ዛሬ ትልቅ አካል ያለው ካሜራ ለመግዛት የሚፈልግ ባለሙያ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ባለ ወናፉ የሉህ ፊልም ካሜራ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ 1970ው ማሚያ አር ቢ 67 ያለው ባለ ጥቅል ፊልም ነው። 4 በ5 ኢንች የሆነው ሉህ ስፋቱ ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ክፍል 15 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ የማሚያውም 4 ጊዜ ተኩል ያህል። ጥቅሉን ፊልም ማግኘት ስለሚቀል ለጀማሪ ማሚያው ይሻላል፤ ለግንብ ሥራ ግን የሉሁን ካሜራ የሚተካው የለም። የፋሲልን ግንብ ከነአራቱ ክብ ማማዎቹ ለማንሣት ካሜራውን ወደ ላይ ያቀና ሰው ማማዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ መስለው ይወጡበታል። ባለ ወናፉ ግን አካሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሌንሱ ሰሌዳ ብቻ ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ግንቡ እንደ ታነጸ ቀጥ ብሎ ይታያል።

ሲገዙ በመጀመሪያ የሚመረመረው ወናፉ ነው። ካሜራውን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ ትንሽ አምፑል በውስጡ አብርቶ፣ ቆዳውን ቀስ እያሉ መዘርጋት ይገባል። በየማጠፊያው ማዕዘን የሚታየው ነጥብ ብርሃን ሁሉ በፊልሙ ላይ ጉም ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ቀዳዳ በቀጭን ጥቁር ጨርቅና በሚተጣጠፍ ሙጫ ይደፈናል። ቆዳው ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ ግን መለወጥ አለበት፤ አዲሱም በደንብ የሳሳ የበግ ቆዳና ውስጡ ጥቁር ጨርቅ ቢሆን ይስማማል። ቆዳና ብራና ማልፋት በቆየበት አገር ይህ ከባድ ሥራ ሊባል አይችልም።

ቀጥሎ ሌንሱ ይታያል። በክረምቱ እርጥበት የተዘጋበት ሌንስ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ሻጋታ ያወጣል። ላይ ላዩን ከሆነ ይጸዳል፤ መስተዋቱን ከበላው ግን አይመለስም። ሸተሩ በፈጣኑ ፍጥነት እየሠራ በአንድ ሰኮንድ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ የደረቀ ቅባት ይዞታልና በንጹሕ ቤንዚን መታጠብ እንጂ ዘይት መጨመር አያስፈልገውም። ዘይት የጨመረ ሰው ሸተሩንም ዳያፍራሙንም ያጣብቃል።

በጀርባ ያለው የደበዘዘ መስተዋት ቢሰበር፣ ተራ መስተዋት በደቃቅ መፍጫ ዱቄትና በውሃ ፈግፍጎ መተካት ይቻላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ርቀቱ ነው። የደበዘዘው ገጽ ወደ ሌንሱ መዞርና ፊልሙ ከሚያርፍበት ቦታ ጋር በትክክል መገጣጠም አለበት። በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ በመስተዋቱ ላይ ጥርት ብሎ የታየው በኔጋቲቩ ላይ ይደበዝዛል። ብዙ ሰው ‹‹ሌንሱ ተበላሽቷል›› ብሎ የሚጥለው ካሜራ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ፊልም በሚወደድበት ቦታ ለልምምድ የፎቶግራፍ ወረቀት ቆርጦ በመያዣው ውስጥ ማስገባት ይበጃል። በጠራ ፀሐይ 100 አይሶ የሆነ ፊልም በ16 ዳያፍራም ለሰኮንድ 1/125ኛ ያህል ይከፈታል፤ በ32 ዳያፍራም 1/30ኛ ይሆናል። ወረቀቱ 6 አይሶ ያህል ስለሆነ በዚሁ በ32 ግማሽ ሰኮንድ ይፈልጋል። ሰው ለዚህን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ላይቆም ይችላል፤ ግንብ ግን ይቆማል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደርና ከ4,500 ሜትር በሚበልጠው በራስ ደጀን አካባቢ ፀሐዩ ጠንካራ፣ ጥላውም ጥቁር ስለሆነ፣ ማለዳውን ወይም ከሰዓት በኋላውን መምረጥ ይገባል።

የሚቀረው አደራ

የተጠገነ ካሜራ በራሱ ግብ አይደለም። ጥቅሙ በዝግታው ነው። አንሺው እያንዳንዱን ሉህ ከማንሣቱ በፊት ያስባል፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሌንሱን ይመዘግባል፤ ኔጋቲቩንም እንደ ሰነድ ይይዘዋል። በፋሲል ግቢ የእድሳት ሥራ በቅርብ ዓመታትም ተካሂዷል፤ ወደፊትም ይኖራል። እያንዳንዱ እድሳት አንድ ነገር ያድናል፣ አንድ ነገር ይሸፍናል። ከእድሳቱ በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሌንስ፣ ማማው ሳይዛነፍ የተነሣ ምስል ለሚቀጥለው ጠጋኝ ትልቅ ሀብት ነው።

ያለፈውን የአገሩን ምስል ለማየት የጎንደር ልጅ ለንደንና ፓሪስ ያሉ መዝገቦችን እንዲለምን ያደረገው የካሜራው እጥረት ብቻ አይደለም፤ የተነሣውን ጠብቆ የማቆየት ልማድ አለመጽናቱም ጭምር ነው። ስለዚህ በየፎቶ ቤቱ ያረጀ ካሜራ ያለው ባለሙያ ለብረቱ ዋጋ ከመሸጡ በፊት ወናፉን ይዘርጋ፣ ሸተሩን ያዳምጥ፤ አብሮ ያለውንም የኔጋቲቭ ካርቶን ከእርጥበት ቦታ አንሥቶ በየፖስታው ላይ ቀንና ስም ይጻፍበት። ካሜራው ቢጠፋ ሌላ ይገዛል። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ዘመን ግን የሚገዛበት ገበያ የለም።