በቲዩብ ጊታር አምፕሊፋየር ላይ የሚሰማውን የ«ሽሽሽ» ድምፅ እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ጊታርዎን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝተው ገና አንድም ክር ሳይነኩ ከስፒከሩ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ? ሁሉም ሲዘምር ይህ ድምፅ ላይሰማ ይችላል፤ መዝሙሩ አብቅቶ ጸጥታ ሲሆን ግን በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ አዳራሹን ይሞላዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንዶች ደህናውን አምፕሊፋየር «አርጅቷል» ብለው ይጥሉታል፤ ሌሎች ደግሞ ሳይመረምሩ ቲዩቦቹን በሙሉ ለውጠው ገንዘባቸውን ያባክናሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው በአንድ ቲዩብ ወይም በአንዲት ትንሽ ሬዚስተር ላይ ነው።

1. በመጀመሪያ ድምፁን ይለዩ

የማይፈለግ ድምፅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመጣ ሲሆን፥ በኢትዮጵያ በ50 ወይም በ100 ኸርዝ፥ በአሜሪካ ደግሞ በ60 ወይም በ120 ኸርዝ ይሰማል። «ተጥ ተጥ» የሚለው ድምፅ የተበላሸ ሬዚስተር፥ የላላ ሶኬት ወይም ያረጀ ቲዩብ ምልክት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሦስተኛው ዓይነት፥ ማለትም ሳያቋርጥ «ሽሽሽ» ስለሚለው ድምፅ ነው።

2. ከየት ይመጣል?

በማንኛውም ሬዚስተር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከሙቀት የተነሣ ያለ ዕረፍት ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህም እንቅስቃሴ እጅግ አነስተኛ የሆነ ድምፅ ይፈጥራል። ጆን ጆንሰን በመለካት፥ ሃሪ ናይኲስት ደግሞ በስሌት ይህንን እ.ኤ.አ. በ1928 አስረድተዋል። በቲዩቡ ውስጥ የሚያልፉት ኤሌክትሮኖችም የራሳቸውን ድምፅ ይጨምራሉ። ስለዚህ ድምፁን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ቲዩብ ላይ የተፈጠረ ትንሽ ድምፅ ከእርሱ በኋላ ባሉት ክፍሎች ሁሉ ይጎላል። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ጊታሩ ከሚገባበት በኩል ነው።

3. ጥንቃቄ!

በቲዩብ አምፕሊፋየር ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል። ካፓሲተሮቹ ይህን ኃይል ስለሚያከማቹ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው ሊገድል ይችላል። ቲዩብ ከውጭ መለወጥ ለማንም ይቻላል፤ ሣጥኑን ከፍቶ ሬዚስተር መለወጥ ግን ካፓሲተሮቹን ባዶ ማድረግን ለሚያውቅ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ ነው። እንዲሁም ስፒከሩ ሳይገናኝ አምፕሊፋየሩን አያብሩ፤ የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል።

4. ምንጩን እንዴት ያገኙታል?

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ እንውሰድ።

ሀ) የጊታሩን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ጊታሩ፥ ገመዱ ወይም ፔዳሎቹ ናቸው።

ለ) ድምፁ ከቀረ ቮሊዩሙን ወደ ዜሮ ያውርዱ። አሁን ከጠፋ ጥፋቱ ከቮሊዩሙ በፊት ባለው በመጀመሪያው የማጉያ ክፍል ላይ ነው። ካልጠፋ ግን ከቮሊዩሙ በኋላ ባሉት ክፍሎች ይፈልጉ። ሪቨርቡንም ዜሮ አድርገው ያዳምጡ።

ሐ) አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ቲዩቦቹ እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ። ከዚያም ደህና መሆኑን በሚያውቁት 12ኤኤክስ7 ቲዩብ እያንዳንዱን ተመሳሳይ ቲዩብ በየተራ እየተኩ ያዳምጡ። ከኋላ ሲታይ በስተቀኝ ዳር ያለው የኖርማል ቻናል፥ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው የቫይብራቶ ቻናል የመጀመሪያ ቲዩብ ነው። በአንዱ ላይ ድምፁ ከቀነሰ መፍትሔውን አገኙ ማለት ነው።

5. ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን ይሞክሩ። የጊታሩን ቮሊዩም ከፍ፥ የአምፕሊፋየሩን ዝቅ ያድርጉ፤ ከጊታሩ የሚመጣው ድምፅ ሲበረታ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ድምፅ ከሥሩ ይሸፈናል። ትሬብሉን ከሚያስፈልገው በላይ አይክፈቱ፤ ጌይን የሚጨምሩ ፔዳሎችንም በማይጫወቱበት ጊዜ ያጥፉ።

ቀጥሎ ቲዩቡን ይለውጡ። በፋብሪካ ተመርጠው ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው ተብለው የሚሸጡ አሉ። የ12ኤኤክስ7 የማጉላት መጠን 100 ሲሆን፥ በዚያው ሶኬት የሚገባው 5751 ግን 70 ነው። በእርሱ ሲተካ ድምፁ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የጊታሩም ድምፅ አብሮ ስለሚቀንስ በጆሮዎ ይፍረዱ።

ቲዩቡ ተለውጦ ምንም ለውጥ ከሌለ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት፤ የመጀመሪያውን ቲዩብ 100 ኪሎ ኦም የፕሌት ሬዚስተር እንዲያይም ይንገሩት። በአሮጌዎቹ አምፕሊፋየሮች ይህ ከካርቦን ድብልቅ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ሬዚስተር ቮልቴጅ ሲያርፍበት ከሙቀቱ ድምፅ በላይ ሌላ ድምፅ ይጨምራል፤ ሲያረጅም ይብስበታል። በዚያው መጠን በሜታል ፊልም ሬዚስተር ቢተካ ልዩነቱ ወዲያው ሊሰማ ይችላል፤ ዋጋውም ከአንድ ቲዩብ እጅግ ያነሰ ነው።

«ኖይዝ ጌት» የሚባለው ፔዳልስ? እርሱ ጊታሩ ዝም ሲል በሩን ይዘጋል እንጂ ድምፁን ከምንጩ አያጠፋም። ከእርሱ በኋላ አምፕሊፋየሩ የሚፈጥረውንም ሊያቆም አይችልም።

በመጨረሻም ውድ አንባቢ፥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይለውጡ። አንድ ነገር ለውጠው ያዳምጡ፥ ያገኙትንም ይጻፉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ። እንዲህ በትዕግሥት ከተመረመረ ሊጣል የነበረው አምፕሊፋየር ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል።