ጦም ያደረ መሬት፤ የፓልም ናፍጣ ታሪክ በሱማትራ

በብርድ ጊዜ የሚረጋውን ዘይት የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ወጣችን የሚቁላላበት ያ ዘይት ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚመጣው ፓልም ነው። ከድስት አልፎ ወደ መኪና ሞተር የሚገባው ፓልም ግን ሌላ ታሪክ አለው። የታሪክ ተማሪዎች ነንና ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ሱማትራ ደሴት እንሻገር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛፉ የእስያ ተወላጅ አይደለም፤ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። በ1848 አራት ችግኞች ጃቫ ውስጥ በቦጎር የዕፅዋት መናፈሻ ተተከሉ። ዘሮቻቸው ዴሊ በሚባለው የሱማትራ ክፍል በትምባሆ እርሻዎች መንገድ ዳር ለጌጥ ቆሙ። በ1911 አድሪያን ሃሌ የተባለ የቤልጂክ ሰው በሱማትራ ምሥራቃዊ ዳርቻ ለንግድ ማልማት ጀመረ።

ከዛፉ በፊት ግን ሕጉ ደርሶ ነበር። የሆላንድ ቅኝ ገዥዎች በ1870 መጀመሪያ ለጃቫ ባወጡት፣ በኋላም ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ባስፋፉት ድንጋጌ፣ ማንም የባለቤትነት ማስረጃ ያላቀረበበት መሬት የመንግሥት ነው አሉ። ዴሊ ላይ ደግሞ ሱልጣኑ ራሱ ለትምባሆ ኩባንያዎች እየፈረመ ሰጠ። እንግዲህ ጫካ መንጥሮ፣ አንድ ሁለት ዓመት ዘርቶ፣ መሬቱ ይረፍ ብሎ ወደ ሌላ የሚያልፍ ገበሬ ማስረጃ ከየት ያምጣ? ያረፈው መሬት ባዶ ተባለ። ጦም ያደረ መሬት ባለቤት እንዳለው የኛም አገር ገበሬ ያውቃል፤ ጸሐፊው ነው የማያውቀው። ሠራተኛውም ከቻይናና ከጃቫ በውል የመጣ ኩሊ ነበር፤ በ1880 የወጣው የኩሊ ደንብ ሥራውን ጥሎ የጠፋውን በወንጀል ያስቀጣል።

ነፃነት መጣ፣ በ1960 አዲስ የመሬት ሕግ ወጣ። የጎሣ መሬት በሕጉ ታወቀ፤ ግን «ከአገር ጥቅም» በታች ሆኖ። ኩባንያ የእርሻ ይዞታ የሚያገኘው በመንግሥት መሬት ላይ ስለሆነ፣ መንደሩ መጀመሪያ መሬቱን ለመንግሥት መልቀቅ ነበረበት። ታዲያ ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱ የሚመለሰው ለማን ነው? ለመንደሩ እንዳይመስላችሁ፤ ለመንግሥት ነው። ብዙው መንደርተኛ አከራየሁ እንጂ ሰጠሁ አላለም ነበር።

ናፍጣው የመጣው በዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ለመጓጓዣ ከሚውለው ነዳጅ 5.75 ከመቶው በ2010 ከዕፅዋትና ከመሰል ምንጮች እንዲሆን ግብ አወጣ፤ በ2009 ደግሞ ለ2020 ወደ 10 ከመቶ ከፍ አደረገው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አየሩን ለማዳን ነው። ነገር ግን በሱማትራና በካሊማንታን ብዙ ጫካ የቆመው ፒት በሚባል አፈር ላይ ነው፤ ይኸውም ለሺህ ዓመታት በውሃ ውስጥ የተከማቸ ቅጠልና እንጨት ነው። ለፓልም ሲባል ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ይወርዳል፣ አፈሩ ይደርቃል፣ እንደ ኩበትም ይነዳል፤ ከላይ ጠፋ ሲሉት ከሥር ይጤሳል። የዓለም ባንክ እንደገመተው በ2015 ብቻ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጠለ፤ ጢሱም ሲንጋፖርና ማሌዥያ ገባ። ያ ሁሉ እሳት የፓልም ነው አንልም። ቢሆንም በ2008 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሲያሰላው፣ በፒት ላይ ያለ ጫካ ተመንጥሮ ፓልም ቢተከል፣ ነዳጁ የሚያድነው ካርቦን ያንን ዕዳ ለመክፈል 423 ዓመት ይፈጅበታል። ጎንደር እንኳ ከተቆረቆረች 400 ዓመት አልሞላትም!

ዛፉን መራገም ስንፍና ነው። ከአንድ ሄክታር ከአኩሪ አተር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዘይት ይሰጣል፤ ከኢንዶኔዥያ የፓልም እርሻም 40 ከመቶ ያህሉ የአነስተኛ ገበሬዎች ነው። ልጃቸውን ያስተማሩበት አሉ።

አውሮፓ በ2019 የፓልም ናፍጣ እስከ 2030 ድረስ ቀስ በቀስ ከግቡ እንዲወጣ ወሰነች። ገበያው ግን አልተዘጋም፤ ኢንዶኔዥያ ራሷ በ2020 ናፍጣዋ ላይ 30 ከመቶ፣ በ2025 ደግሞ 40 ከመቶ የፓልም ነዳጅ እንዲደባለቅ አዘዘች። በመካከሉ፣ በ2013፣ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የጎሣ ጫካ የመንግሥት ጫካ አይደለም ሲል ፈረደ፤ ከደን ሕጉም «የመንግሥት» የምትለዋን ቃል ሰረዛት። ፍርዱ ይፈጸምልኝ የሚል መንደር ግን ጫካው የራሱ መሆኑን በአካባቢው አስተዳደር በኩል በጽሑፍ ማስመስከር አለበት።